ትውልድ ከታች ወደ ላይ ሲቈጠር

ከአራቱ ወንጌላውያን መካከል ማቴዎስና ሉቃስ የጌታን ሐረገ ትውልድ ጽፈውልናል፤ ዳሩ ግን አንዱ በወረደበት ሌላው እንደ ወጣ መምህራን በትርጓሜ ወንበር ላይ ሲያመሠጥሩት፣ እኛ ምእመናን የስም ብዛት ብቻ መስሎን እንደ ዋዛ አንብበን እናልፈዋለን። ማቴዎስ ከአብርሃም ተነሥቶ ዐሥራ አራት ዐሥራ አራት ትውልድ ሦስት ጊዜ እየቈጠረ ወደ ታች ሲወርድ፣ ሉቃስ ከዮሴፍ ተነሥቶ ልጅን ወደ አባት፣ አባትን ወደ አያት እያስጠጋ እስከ አዳም ይወጣል። የምሥጢሩን ነገር ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ የገዛ ቤቱን ጥንተ ነገር መርምሮ ለልጆቹ ጽፎ ሊያቆይ የሚያስብ ሰው ግን የሉቃስን መንገድ ይዞ ከራሱ ወደ ላይ እንዲወጣ አጥብቄ እመክራለሁ።

በአገራችን ትውልድ ሲነገር ልማዱ የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ስመ ጥር ንጉሥ ወይም መስፍን ከራስጌ ይቀመጥና እገሌ እገሌን ወለደ እየተባለ እስከ ተናጋሪው ይወረዳል። ከላይ ያለው ስም በታሪክ የታወቀ ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም፤ ከታች ያለውም ቆሞ የሚናገር ስለሆነ ማንም አይክደውም፤ ነገሩ የሚላላው ከወገቡ ላይ ነው፤ እዚያ ሦስት አራት ትውልድ በአንድ ትንፋሽ ይታለፋል፤ ሲብስም ልጁ ከአባቱ ቀድሞ ተወልዶ ይገኛል። እኔ በዕድሜዬ ዘሬ ከጎንደር ነገሥታት ይደርሳል የሚል ሰው አላጣሁም፤ ለነዚያ ነገሥታት የሚገብረው፣ ድንኳናቸውን የሚተክለውና በቅሏቸውን የሚጭነው ያ ሁሉ ሕዝብ ዘር ሳይተካ አለፈን? እያልሁ በልቤ እጠይቃለሁ፤ ካፌ ግን አይወጣም፤ በሰው ግብዣ ላይ ተቀምጦ ይህን መጠየቅ አያምርምና።

ይህ ልማድ ከከንቱ ውዳሴ ብቻ የመጣ አይደለም። በጎጃም፣ በበጌምድርና ርስት በጸናባቸው በሌሎችም አውራጃዎች ትውልድ መቍጠር የእንጀራ ጉዳይ ነበር፤ መሬቱን አስቀድሞ ያቀናው አቅኚ አባት ይታወቃል፤ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ከእርሱ መወለዱን ሽማግሌ አስቈጥሮ ያስረዳ ሰው ድርሻ ይገባዋል፤ ያላስረዳው ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ከአቅኚው ተነሥቶ ወደ ተከራካሪው መውረድ የሙግት ሥርዐት ነበር። አንዱ ወገን የአበውን ስም በቃሉ ይዞ ከዛፍ ሥር ሲቆም፣ ባላጋራውም ከመካከሉ አንዷን ሴት መካን ነበረች ብሎ ሲያወጣበት፣ አንዲት ስም የስንት ጥማድ መሬት ዋጋ ነበራት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ግን ያ ሁሉ ዕውቀት በአንድ ቀን ችሎት አጣ። ብዙ ሰዎች ትውልድ ዐዋቂ ሽማግሌ የጠፋው ከዚያ ወዲህ ነው እያሉ ያዝናሉ፤ ሐዘናቸውም እውነት ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል፤ የሐረግ ቈጠራ ከመሬት ክርክር ከተፋታ ወዲህ፣ አያት መጨመርም መቀነስም መሬት የማያስገኝ በመሆኑ፣ በእውነት ብቻ ለመቍጠር የተመቸ ዘመን ቢኖር ይህ የእኛ ዘመን ነው።

ዛሬ የቀረልን ሕያው ችሎት ጋብቻ ነው፤ ልጅ ሲታጭ ሽማግሌዎች ዝምድና እንዳይገኝ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ። የሶማሌ ወገኖቻችንም አብቲርሲ ብለው የአባቶችን ስም ለልጆቻቸው ገና በሕፃንነት ያስጠናሉ። መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰባት አባት ጠርቶ ትውልዴን ዐወቅሁ የሚል ሰው ሒሳቡን ይመልከት፤ ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች እያለ ሲወጣ በሰባተኛው ደረጃ 128 ሰዎች ይቆማሉ፤ ሁሉም ሲደመሩ 254 ናቸው። ከእነዚህ ሰባቱን የጠራ 247ቱን ትቷል፤ ከተተዉትም ውስጥ እናቶቹ በሙሉ አሉበት። ማቴዎስ እንኳ፣ በአባት መስመር ሲወርድ ሳለ፣ ትዕማርን፣ ራኬብን፣ ሞዓባዊቱን ሩትንና የኦርዮን ሚስት ከመቍጠር አልተመለሰም።

ከራሱ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው በመጀመሪያ የሚያደናቅፈው ስም ነው። የቀደሙት አባቶቻችን አንድ ሰው ሆነው በሦስት ስም ይኖሩ ነበር፤ አንዱ እናት አባት ያወጡት የዓለም ስም፣ ሁለተኛው የክርስትና ስም፣ ሦስተኛውም ፈረሰኛ ከሆኑ የፈረስ ስም ነው። ተፈሪ የዓለም ስም፣ ኃይለ ሥላሴ የክርስትና ስም፣ አባ ጠቅል የፈረስ ስም መሆኑን በንጉሠ ነገሥቱ ስለምናውቀው አንሳሳትም፤ በራሳችን ቤት ግን እንሳሳታለን። አሉላ አባ ነጋ ሲባል የሰማ የዛሬ ተማሪ አባ ነጋን የራስ አሉላ አባት አድርጎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ የአባታቸው ስም ግን «እንግዳ» ነው። እኔም የአያቴን አባት በሦስቱ ስሞች ከሦስት ዘመዶች ሰምቼ፣ ሦስት ወንድማማች አድርጌ መዝግቤ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሁለቱን ልጆች ስፈልግ ኖሬአለሁ። ስሕተቱን ያረሙልኝ የሰፈር እድርተኞች ለቅሶ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ናቸው፤ ትውልድ የሚሰማበት ቦታ ከለቅሶና ከተዝካር የበለጠ የለምና፣ መርማሪ የሆነ ሰው ከነዚህ አይቅር።

ሁለተኛው መሰናክል ዘመን ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላው አገር መሠራት የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለተወለደው ሕዝብ መዝገቡ የሰው አፍ ነው፤ አፉ ደግሞ የሚጠይቀውን ሰው ይፈልጋል። የአያቴ ታናሽ እኅት መንኵሰው እማሆይ ከተባሉ በኋላ፣ መቼ እንደ ተወለዱ ብጠይቃቸው፣ «እኔ የወረቀት ቍጥር ምን ዐውቃለሁ፣ ልጄ?» ብለው ዝም አሉ። ጥያቄዬን ለውጬ ክርስትና የተነሡበትን ቀን ስጠይቅ ግን ዐይናቸው በራ፤ የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት እንደ ሆነ፣ ዘመኑም ማርቆስ እንደ ነበረ፣ እርሳቸውም በኅዳር በሽታ ለሞተ ወንድማቸው ምትክ ተብለው እንደ ተወለዱ ሳያቋርጡ ነገሩኝ። የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ በ1911 ዓ.ም. ነው። ዘመኑን በወንጌላዊው ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምሮ ለአራት ማካፈል ነው፤ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ይሆናል። ከበሽታው ወዲህ ፊተኛው ማርቆስ 1914፣ ቀጥሎ ያለው 1918 ነው። ከሁለቱ የቱ ነው? ብዬ ስጨነቅ፣ ጣሊያን በ1928 ሲገባ የበኵር ልጃቸውን አርግዘው ዋሻ ለዋሻ መሸሸጋቸውን በሌላ ቀን ሲያጫውቱኝ ነገሩ ተፈታ፤ የዐሥር ዓመት ሕፃን አታረግዝምና 1914 ነው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስለምትጠመቅ፣ ከታኅሣሥ 19 ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ሲሄዱ ልደታቸው በመስከረም መገባደጃ ላይ ያርፋል። በእጃቸው የነበረው መታወቂያ ወረቀት ግን 1922 ይል ነበር፤ ጸሐፊው ፊታቸውን አይቶ የገመተው መሆን አለበት።

እንግዲህ ሽማግሌን መጠየቅ ራሱን የቻለ ጥበብ መሆኑ ከዚህ ይታያል። በስንት ዓመተ ምሕረት ብሎ መጠየቅ ለተማረ ሰው እንጂ ለባላገር አይሆንም፤ የክርስትና እናትሽ ማን ነበረች፣ ማን ዳረሽ፣ በማን ተዝካር ላይ ተገኘሽ እየተባለ በዝርዝሩ ሲገባ ግን የታሸገው ጓዳ ሁሉ ይከፈታል። መልሱን በአፍ ማስጎረስ ደግሞ ክፉ ነው፤ አዛውንት ለእንግዳ ክብር ሲሉ አዎን ማለትን ያውቁበታል። ሁለት ሰዎችን ለየብቻቸው ጠይቆ ቃላቸውን ማመሳከር፣ ባይስማሙም ሁለቱንም መጻፍ ይገባል።

ጽሑፍም ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። በጎንደር ዘመን የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ ከነምስክሮቹ ስም በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር፤ የወንጌል ወይም የተአምር መጽሐፍ ሲታይ ከንባቡ ይልቅ ዳሩን ማየት ለትውልድ ፈላጊ ይጠቅመዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረ ሥራ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ ብዙ ሺህ መጻሕፍት በፊልም ተነሥተው፣ ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ ይገኛል፤ ማውጫቸውን ከደከሙበት ሊቃውንት አንዱ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት የሕይወት ታሪክ፣ በቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም ውስጥ ያሉት አሮጌ ጋዜጦች፣ የማንንም አያት ሊይዙ ይችላሉ። የጎጃምን ትውልድ ሰብስበው የጻፉት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ፣ በልጅነታቸው ከኦሮሞ አገር በምርኮ ተወስደው በጎጃም ያደጉ ሰው መሆናቸውን ሳስብ ልቤ ይነካል፤ ከወገናቸው የተለዩት እርሳቸው፣ የሰውን ሁሉ ወገን ሲቈጥሩ ኖሩ።

ይህም ወደማይወደደው ክፍል ያመጣናል። ባርነትን የሚሽረው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፣ በየጌታው ቤት የነበረው ሰው ከብዙ ቤተ ሰብ ሐረግ ተሰረዘ፤ ወለደም ተወለደም የሚል ጠፋ። ሸክላ ሠሪዋ አያት፣ ቀጥቃጩ ቅድመ አያት፣ በገንዘብ የተገዛችው እናት፣ ከየቤቱ መዝገብ የወጡት ሞተው ሳይሆን አፍረንባቸው ነው። ማቴዎስ ሩትን ካልደበቀ እኛ ማንን እንደብቃለን? ከዚህ ላይ የሚዋሽ ሰው ከመጀመሪያው ባይቈጥር ይሻለዋል።

በባሕር ማዶ ላሉት ወገኖቻችን ደግሞ ነገሩ ያስቸኵላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም፣ እኛ እስከ ዛሬ በአባት ስም ስንጠራ እንኖራለን፤ አሜሪካ የገባ ሰው የአባቱን ስም፣ ልጁም የእርሱን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርገው ሲያስመዘግቡ፣ አያትና የልጅ ልጅ በወረቀት ላይ ባዕዳን ይሆናሉ። ስለዚህ ወረቀት የሚያጠፋውን ሐረግ እንዲያስቀርላችሁ፣ በስልካችሁ መቅረጫ የእናታችሁን ድምፅ ዛሬውኑ ያዙ እላለሁ።

እኔም ራሴ በወረቀቴ ላይ፣ ከ254ቱ ሠላሳ አንዱን ብቻ ጽፌ፣ በእናቴ ወገን በአራተኛው ደረጃ አንዲት ሴት ያለ ስም ተቀምጣብኛለች። የክርስትና ስሟን ያውቃሉ የተባሉ አንድ የገጠር ቄስ አሉ፤ ከፋሲካ በኋላ ልሄድ አስቤ ነበር፤ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ናቸው ቢሉኝ ግን ጾሙ እስኪፈታ ባልጠብቅ ሳይሻል አይቀርም።