ጤናችን፦ የማያመው እጅ

ትኩስ ምጣድ የነካ እጅ ሳናስበው ይሸሻል። «እሰይ፣ አመመኝ» የሚል ሰው የለም፤ ግን እጃችንን ያተረፈው ሕመሙ ነው። ወሬውን ማን አደረሰ? ነርቭ ነው።

ነርቭ ክር ይመስላል። ብዙዎቻችን ጅማት እንለዋለን፤ ጅማት ግን ሥጋን ከአጥንት የሚያስረው ነው። ነርቭ የሚሠራው ከነርቭ ሕዋሶች ነው። ሕዋስ በዓይን አይታይም። ሆኖም ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚሄደው የአንዱ ሕዋስ ክር 1 ሜትር ያህል ይረዝማል! ወሬው በክሩ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ይሮጣል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ክሩ ጥቂት ቅመም ያፈልቃል፤ ቀጣዩ ሕዋስ በዚያ ወሬውን ይቀበላል። ጀርባ አጥንት ውስጥ ካለው ኅብለ ሰረሰር «ሽሽ!» የሚል ትእዛዝ ይመለሳል። አንጎል ሕመሙን የሚያውቀው ከዚያ በኋላ ነው።

የሥጋ ደዌ ተሐዋሲ ይህን ክር ያበላሻል። እጅ ሲቃጠል አይሰማም፤ ቁስሉ ያመረቅዛል። «ከዘር ነው፣ እርግማን ነው» ሲባል እንሰማለን። አይደለም። ለ6 ወይም ለ12 ወር የሚዋጥ መድኃኒት ያድነዋል፤ በነጻም ይሰጣል። የሞተ ነርቭ ግን ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ገላችሁ ላይ የገረጣ ወይም የቀላ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እጁ የደነዘዘበት ሰው ደግሞ ድስት ሲያወጣ በጨርቅ ይያዝ፤ ማታ ማታም እጁንና እግሩን በዓይኑ ይመርምር።