የወታደር ትንፋሽ ግምጃ ቤት አይቀመጥም

ወታደራዊ ብቃት አንድ ጊዜ ከተገኘ ለዘለቄታው ይኖራል የሚለው አመለካከት ጀግንነትን ከሥጋና ከደም ነጥሎ ስለሚያይ ፍጹም ሐሳባዊ ነው። ብቃት የሥራ ውጤት ነው፤ ሥራው ሲቋረጥ ውጤቱም ይሟሽሻል።

ሂደቱን ሳይንስ በግልጽ አሳይቷል። ልምምድ በቆመ በሁለት ሳምንት ውስጥ በሰውነት የሚዘዋወረው ደም መጠን ይቀንሳል፤ ልብ በአንድ ምት የምትረጨውም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በልምምድ የጠነከሩ ሰዎች ኦክሲጅን የመጠቀም ከፍተኛ ችሎታቸው በ21 ቀን በ7 በመቶ፣ በ56 ቀን በ16 በመቶ ወርዷል። የጡንቻ ጉልበት ግን ለሳምንታት ብዙም አይጓደልም። አታላዩ ነገር ይኸው ነው። ክንዱ እንደ ቀድሞው የሚያነሳለት ወታደር ራሱን ሙሉ አድርጎ ይገምታል፤ ጉድለቱ የሚጋለጠው ትጥቅ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ፣ ጓዶቹም እርሱን ሲጠብቁ ነው።

አበበ ቢቂላ በመስከረም 1957 ዓ.ም. የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ጥቅምት 11 ቀን የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ። ይህንን ለዕረፍት ምስክር አድርገው የሚጠቅሱ ተሳስተዋል። የክብር ዘበኛው ወታደር ከሥሩ የብዙ ዓመት ልምምድ ነበረው፤ ያቋረጠውም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ለፈቃድ ወደ ቡርቃ ጃቶ የሚመጣውን ወታደር እናስብ። የወለጋ ክረምት ረጅም ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። እናት «ደክሞ መጥቷል፣ ይረፍ» ትላለች፤ ማልዶ ቢሮጥ ጎረቤት ይስቃል። የእናት ርኅራኄ የሚነቀፍ አይደለም፤ የጎረቤቱ ሳቅ ግን ኋላ ቀር ነው።

ከወታደሩ የሚጠየቀው ደግሞ ከባድ አይደለም። በሳምንት 6 ቀን ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ወደ 2 ቀን ዝቅ ብለው ትንፋሻቸውን ከሦስት ወር በላይ ማቆየታቸው በጥናት ተረጋግጧል፤ የጥረቱ ብርታት ሲላላ ግን ብቃቱም ወርዷል። እንግዲህ ሰዓቱ ይጠር፣ ቀኑ ይቀነስ፣ ላቡ ግን አይጉደል።

የነዋሪዎች ማኅበራትም ባዶ ሜዳና የጠዋት ሯጭ ቡድን ሊያዘጋጁ ይገባል፤ የሠፈሩ ሠራተኛም አብሮ ይሩጥ። አዛዦች በበኩላቸው ከፈቃድ የተመለሰውን በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ጭነት አሸክመው ረጅም ጉዞ ከመስደድ ይቆጠቡ። ትንፋሹ ሳይመለስ የተጫነበት ሸክም ቅልጥሙን ሊሰነጥቀው ይችላልና፣ ጭነቱ በየሳምንቱ ደረጃ በደረጃ ይጨመርለት።