ዝገት ላይ የተረጨ ቀለም ውሸት ነው

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነውና ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ብስክሌቱን እየገፋ ገርጂ ድረስ መጣ። ከገዛው ሦስት ወር አልሞላውም። ያኔ ጥቁሩ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ «ቲቸር፣ አዲስ በሉት» ብሎ ፎቶ ልኮልኛል። አሁን ቀለሙ በጥፍር ሲነካ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ከሥሩ ዝገት። ዝገቱን ስንጠርግ ደግሞ፣ መሪው ከፍሬሙ በሚገናኝበት ብየዳ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ። ልጁ በዚህ ነው ከመገናኛ ቦሌ ሲመላለስ የከረመው!

መንገድ ለሰው በ2011 ሲጀመር ብስክሌት በብዛት የምናየው መንገድ በተዘጋበት እሑድ ነበር። በኮሪደር ልማቱ ከቦሌ ወደ መገናኛ የብስክሌት መስመር ከተሠራ ወዲህ ግን በሰፈራችን የሚነዳው ሲበዛ በዓይኔ እያየሁ ነው። ደስ ይለኛል። ፈላጊ ሲበዛ ግን አሮጌ ገዝቶ፣ ከሰዓት ረጭቶ፣ በማግስቱ «እንደ አዲስ» ብሎ የሚሸጥም በዛ። ስልካችን ላይ ደግሞ «በአንድ ሰዓት አዲስ ያድርጉ» የሚል ቪዲዮ መዓት ነው።

እንዴ! ኬሚስትሪ አስተምሬያችሁ የለ? ብረት፣ ውኃና ኦክስጅን ሲገናኙ ዝገት ይወለዳል። ዝገት ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ እርጥበት ያሳልፋል፣ ወደ ውስጥ መብላቱን ይቀጥላል። ቀለም ስለረጨህበት አይቆምም። ቀለሙ የያዘው ብረቱን ሳይሆን ዝገቱን ነው፤ ዝገቱ ሲረግፍ አብሮ ይረግፋል።

እኔም አጥፍቻለሁ። የመጀመሪያ ብስክሌቴን ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ አባራ ብዬ ግቢ ውስጥ ረጨሁት። እርጥበቱ ቀለሙን ደመና አለበሰው፤ መስከረም ሳይጠባ መላጥ ጀመረ። የምናገረው ከሊቅነት አይደለም፣ ከኪሳራ ነው።

የሚበረክት ቀለም ዋና ሥራው ከመርጨቱ በፊት ነው። ጎማውን፣ ሰንሰለቱን፣ ፔዳሉን ፍታ። በሳሙና እጠብ፣ ቅባቱን በቲነር አንሳ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ንጹሕ ብረት እስኪታይ ፈግፍግ፤ በ240 ቁጥር ጀምረህ በ400 አለስልስ። ኩሽኔታና ብሎን የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ሸፍን። ከዚያ አንቲረስት፤ ፍሬሙ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ለአሉሚኒየም የተሠራ ፕራይመር። ቀለሙን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀህ፣ እጅህን ሳታቆም፣ ሦስት አራት ስስ ዙር እርጭ። አንድ ወፍራም ዙር ይፈሳል፣ ውስጡም ቶሎ አይደርቅም። በየመካከሉ ጣሳው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ጊዜ ጠብቅ። በመጨረሻ ፀሐያችንን የሚችል ክሊር። ማጠንከሪያ ያለው ክሊር ቤንዚንና ጭረት ይበልጥ ይችላል፣ ግን ብናኙ ሳንባ ይጎዳል፤ ያለ ማጣሪያ ማስክ እንዳትነኩት። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት ተወው። ሲነካ መድረቅ ሌላ፣ መጠንከር ሌላ።

ይህን ለአንድ ነጋዴ ስነግረው ምን አለኝ? «ቲቸር፣ የሚገዛው እኮ የድሃ ልጅ ነው፤ ይህን ያህል ከተለፋበት ዋጋው አይቀመስም።»

የድሃ ልጅ ስለሆነማ ነው! ሀብታሙ ቢላጥበት ሌላ ይገዛል። ይሄ ልጅ ዕቃ እያደረሰ ነው ያጠራቀመው፣ ሁለተኛ የሚገዛበት የለውም። ደግሞስ ቅባልኝ ማን አለህ? ዝገቱን እንዳለ አሳየው፣ በዋጋው ተነጋገሩ። የተጫረ ብስክሌት መሸጥ ነውር አይደለም። ነውሩ ስንጥቅ ላይ ረጭቶ መሸጥ ነው።

የምትገዙ ልጆች፣ ከሚያበራው ፍሬም በፊት ብየዳዎቹን እዩ። ከመቀመጫው ሥርና ፔዳሉ በተያያዘበት አካባቢ በጥፍራችሁ ፈትኑ። ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አግኝታችኋል፣ በቃ ሂዱ።

የተማሪዬ ፍሬም አሁን በረንዳዬ ላይ ተራቁቶ ተቀምጧል። ጎበዝ በያጅ አይቶት «ይሆናል» ካላለ አንድ ጠብታ ቀለም አይነካውም። ከሆነ ቅዳሜ እንፈገፍጋለን። መምጣት የሚፈልግ የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ ቡናው ከኔ።