አፍ የሚፈታው ከሰው ጋር ነው
ከአጸደ ሕፃናት መምህራን

የትምህርት ዘመኑ በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የአራት ዓመት ልጅ ውሃ ጠምቶት ያለቅስ ነበር። በእንግሊዝኛ እስከ ሃያ ይቆጥራል፤ የቀለማትንም ስም ይጠራል። «ውሃ ስጡኝ» ለማለት ግን በአማርኛም፣ በስዋሂሊም፣ በእንግሊዝኛም ቃል አላገኘም። እናቱን ስናነጋግር ዓመት ከሞላው ጀምሮ አብሮት የሚውለው ስልክ እንደሆነ ሳትደብቅ ነገረችን። ልጅ ንግግር የሚዘገይበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ጆሮውን ማስመርመርም ያስፈልጋል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ልጅ በየዓመቱ እየበዛብን ነው።

ይህን የምንጽፈው ወላጆችን ለመውቀስ አይደለም። እዚህ ናይሮቢ አያትና አክስት የሚገኙት በስልክ ብቻ ነው፤ ወጥ ተሠርቶ እስኪወጣ ልጅ የሚይዝ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። እኛም ንጹሕ አይደለንም፤ ወላጆች እስኪመጡ ትንንሾቹን ቴሌቪዥን ፊት ያስቀመጥንባቸው ቀናት ነበሩ። ዘንድሮ አቁመነዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን ፊት መቀመጥን አይመክርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ቢያንስ ደግሞ ይሻላል ይላል። የ1 ዓመት ልጅ የቀን እንቅልፉን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት፣ ቢያንስ 3 ሰዓት ደግሞ መንቀሳቀስ እንዳለበትም ያስረዳል። መብላቱና መታጠቡ ሲጨመርበት ለስልክ የሚተርፍ ጊዜ ብዙ አይደለም።

ሕፃን ቋንቋ የሚማረው በምልልስ ነው። «አባ» ሲል እናቱ «አባባ ሥራ ሄዷል» ትለዋለች፤ እሱም ፊቷን እያየ ይደግማል። ስልኩ ግን መልስ አይጠብቅም፤ ልጁ ቢናገርም ዝም ቢልም ይቀጥላል። ቴሌቪዥን ማንም ሳያየው ተከፍቶ ሲውልም ትልልቆቹ ለልጁ የሚያወሩት ይቀንሳል።

«እኛ የምንከፍትለት የአማርኛ የልጆች ፊልም ነው፤ ቋንቋውን እንዲለምድ» የሚሉን ወላጆች አሉ። ሐሳባቸው ቅን ነው፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከስክሪን የሚማረው ከሰው ከሚማረው በጣም ያንሳል። ለእኛ በስዋሂሊ የምታጫውተው ሞግዚት ከአማርኛ ፊልም ትበልጣለች። አማርኛውን ማታ ወላጅ ይጨምርበታል። ከአያት ጋር በቪዲዮ መነጋገር ግን ሌላ ነገር ነው፤ አያት መልስ ይጠብቃሉ፣ ስሙን ይጠራሉ። እሱን አትከልክሉት።

ሁሉን በአንድ ቀን ለውጡ አንልም። በምግብ ሰዓት እንጀምር፤ ስልክ እያየ የሚጎርስ ልጅ መጥገቡን አያስተውልም። ቀጥሎ ከመኝታ በፊት ያለውን አንድ ሰዓት ነጻ እናድርግ፤ የስክሪን ብርሃንና ጫጫታ እንቅልፍ ያባርራል። ምግብ ስታበስሉ ድስት ክዳንና የእንጨት ማንኪያ ስጡት፤ ድንቹን ከሽንኩርት ይለይላችሁ። አኩኩሉ ዋጋ አይጠይቅም። ቡና ሲፈላም ልጁ መሐል ይቀመጥ፤ ከእሳቱ ይራቅ እንጂ ከወሬው አይራቅ። የግድ ስልክ የሚያስፈልግበት ቀን ከመጣ ሰዓቱ የተወሰነ ይሁን፤ ትልቅ ሰው አብሮት ያለውን «ይኼ ምንድን ነው?» እያለ ይጠይቀው። ሲወሰድበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለቅሳል። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቃል ከጸና ይለምዳል፤ አንዱ ከልክሎ ሌላው ከሰጠ ግን ልቅሶውን እናስተምረዋለን።

ልጆቻችንን እዚህ ትምህርት ቤት የምናመጣው ከአያቶቻቸው ጋር በአማርኛ እንዲነጋገሩ ነው። እኛ ፊደል እናስተምራለን፤ አፍ የሚፈታው ግን ፊደል ሳይቆጠር በፊት ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ልጃችሁን ልትወስዱ በር ላይ ስትደርሱ ስልካችሁን ኪስ ክተቱና «ዛሬ ምን ሠራህ?» በሉት። ከዚያ እስኪመልስ ጠብቁት።