የሚበሰብሰው ፌስታልና የብራና ፋቂው ጥበብ

የፍየል ቆዳ እንዲሁ ፀሐይ ላይ ቢጣል ተኮማትሮ ይገርራል፤ ብራና ፋቂ ግን ያንኑ ቆዳ ነክሮ፣ በእንጨት ላይ በአራቱም ማዕዘን ወጥሮ፣ እንደ ተወጠረ እየፋቀ ሲያደርቀው፣ ዳዊት ተጽፎበት ብዙ መቶ ዓመት የሚኖር ብራና ይወጣዋል። ይህን ማንሣቴ፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ከተደነገገ ወዲህ፣ «የሚበሰብስ ይተካው» የሚለውን ቃል ከብዙ ሰው አፍ ስሰማ፣ ምኞቱን በሙሉ ልቤ እየተጋራሁ፣ እንዴት ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ግን በማጣቴ ነው።

ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ ስኳር የሚገኘውን፣ ፖሊላክቲክ አሲድ የሚባለውን ፕላስቲክ እንመልከት። እንክብሉ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ሳይደርቅ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚጠጋው ማቅለጫ መኪና ከገባ፣ ውሃው ከግለቱ ጋር ተባብሮ ረዣዥሞቹን የሞለኪውል ሰንሰለቶች ይበጣጥሳቸዋልና፣ የሚወጣው ስስ ሉሕ ለዐይን ያማረ፣ ሲያጥፉት ግን ቀጭ የሚል ይሆናል። ስለዚህም ባለሙያዎቹ ውሃው ከክብደቱ ከ4,000 አንድ እጅ እንዳይበልጥ አስቀድመው ያደርቁታል። በሚገባ ደርቆ የተሠራውም ቢሆን፣ ካልተወጠረ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ተስቦ ይበጠሳል፤ ከ60 ዲግሪ ከፍ ባለ ሙቀት በቁመትም በወርድም ሲወጠር ግን ሰንሰለቶቹ ሥርዓት ይዘው ይሰለፉና፣ ያው ሉሕ እንደ ብራናው ይጸናል፤ መታጠፍንም ይችላል።

በአንድ ወገን ብቻ የተጎተተውን ሉሕ ጠባይ ለማወቅ መሣሪያ አያሻም። ከጉልት የመጣውን ስስ ፌስታል በቁመቱ ቢቀዱት ሸርተት ብሎ እስከ ታች ይወርዳል፤ በወርዱ ቢሞክሩት ግን ይለጠጣል እንጂ አልቀደድ ይላል፤ ሁለት ኪሎ ድንች የያዘች እናት መንገድ ላይ ጎንበስ ብላ የምትለቅመው በዚህ ምክንያት ነው። ከስታርች የሚሠራው የሚበሰብስ ፌስታል ደግሞ በመጋዘን ሲከርም እየገረረ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው፣ ሉሑን ያጸናው ውጥረት ሰንሰለቶቹን አጥብቆ ስለሚያስተሳስራቸው፣ መበስበሱንም ሊያዘገየው መቻሉ ነው። እንግዲህ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል የእንክብሉን የምስክር ወረቀት አይቶ ማኅተሙን ከማሳረፉ በፊት፣ ተሠርቶ ያለቀውን ፌስታል ራሱን በቁመትም በወርድም አስስቦ፣ ክረምቱን በመጋዘን አክርሞ ዳግመኛ ቢያስስበው፣ ከዚያም አፈር ውስጥ አስቀብሮ ቢያስመረምረው እወዳለሁ።