የሚሮጠው ማነው?

ከሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር ስንጨዋወት «ይኽ የናንተ ነገር አይደለም» መባልን ለምደነዋል። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ክሪስታል አንሠራም፤ ነገር ግን አንድ ቁጥር ሲነገር «የምን ቁጥር ነው?» ብለን ለመጠየቅ ፈቃድ የሚያሻን አይመስለንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነዳጅን ሳያቃጥል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፊውል ሴል፣ አንዳንዱ ዐይነቱ በመካከሉ የሴራሚክ ግድግዳ አለው። ኦክሲጅን የሚያሳልፈው ዐይነት ብዙውን ጊዜ ከ700 እስከ 1000 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ይኽም መሣሪያውን ያስወድደዋል፤ ቶሎም ያስረጀዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 የጃፓኑ ኢዋሃራና ባልደረቦቹ ፕሮቶን የሚያሳልፉ ኦክሳይዶችን ካስታወቁ ወዲህ፣ ሙቀቱን ወደ 500 ግድም የማውረድ ተስፋ ተፈጠረ። ፕሮቶኑ ባንድ ኦክሲጅን ዙሪያ ይዞርና ወደ ጎረቤቱ ይዘላል፤ ጉዞው ይኸው ነው።

ይኽን ጉዞ ለማፍጠን የአቶሞቹን መረብ እንወጥረው ወይም እንመቀው የሚሉ ተነሡ። ስስ ንጣፍ፣ የአቶሞቹ ርቀት በተለየ ክሪስታል ላይ ሲበቅል፣ ልኩ ባልሆነ ገበር ላይ እንደ ተሰፋ ጨርቅ ይጨነቃል። ብልኀቱ ያማረ ነው። ሆኖም ኦክሲጅኖቹ ሲቀራረቡ ዝላዩ ቢያጥርም፣ መረቡ ከደረቀ እየተወዛወዙ ፕሮቶኑን የሚቀባበሉበት ልስላሴ ይቀንሳል። ደግሞም በአግድም የታመቀው በቁመት ይረዝማል። ብዙ ጊዜ የሚለካው በንጣፉ አግድም ነው፤ ፊውል ሴል የሚፈልገው ግን ፕሮቶኑ በውፍረቱ በኩል እንዲሻገር ነው! ይኽን ሳይለዩ «ውጥረት ፍጥነት ጨመረ» ማለት፣ የጎጃምን መንገድ ለክቶ ለሐረር ተጓዥ እንደ መንገር ነው።

የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት፣ በስትሮንቲየም ቲታኔት መካከል የተወጠረ ስስ የዚርኮኒያ ንጣፍ የኦክሲጅንን ፍሰት እስከ 100,000,000 ጊዜ ያህል አበዛ ተብሎ ተጻፈ። በ2009 በዚያው መጽሔት የወጣ ትችት ግን፣ የተለካው ፍሰት በስትሮንቲየም ቲታኔቱ ውስጥ ያለፈ የኤሌክትሮን ፍሰት ነው ሲል ተከራከረ። ያ ቁጥር ስለ ኦክሲጅን ነበር፤ ስለ ፕሮቶን ሲነገርም ጥያቄው ያው ነው።

መረቡን ከመጨቆን ማለስለስ ይሻላል የሚለው ወገን ለኛ ይበልጥ ያሳምነናል። እ.ኤ.አ. በ2025 የጃፓኑ የኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ስካንዲየም በብዛት የገባባቸው የባሪየም ስታኔትና የባሪየም ቲታኔት ኦክሳይዶች በ300 ዲግሪ ፕሮቶንን በሚገባ እንደሚያሳልፉ አሳይተዋል፤ ምክንያቱንም ለመረቡ ልስላሴ ሰጥተውታል።

ስለዚህ ባለ ሴሚናር ጓደኞቻችን ሆይ፣ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት አቅጣጫውን ንገሩን። ቀጥሎም የውሃውን እንፋሎት በከባድ ውሃ እንፋሎት ለውጣችሁ እንደ ገና ለኩ፤ ሯጩ ፕሮቶን ከሆነ፣ በቦታው የገባው ዲዩትሪየም ክብደቱ እጥፍ ነውና ፍሰቱ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ግን የሮጠው ሌላ ነው።