«ቆይ፣ ልቀይር!»

ለቅሶ ቤት የምትቆመዋ ፎቶ ከየት እንደምትመጣ አስተውላችኋል? ወይ ከመታወቂያ ተነስታ ትልቅ የተደረገች ናት፣ ወይ ከሰው ሠርግ ላይ የተቆረጠች። ጥጓ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ትከሻ ቀርቷል።

ፎቶ አጥተን አይደለም። የማኪያቶ አረፋማ ስልካችንን ሞልቶታል። ፎቶ ማለት ክት ልብስ ነው ብለን ስለምናምን ነው። ድሮ ምክንያት ነበረው፤ አንድ ፊልም 36 ምስል ቢይዝ ነው፣ ማሳጠቢያውም ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሰው ፀጉሩን አበጥሮ፣ ስቱዲዮ ሄዶ፣ ከፕላስቲክ አበባው አጠገብ ቀጥ ብሎ ይቆማል። (ያምር ነበር፣ አልክድም።) ዛሬ ፊልሙ ከእጃችን ወጣ፣ መገተሩ ግን ቀረ።

እማዬ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ወርዶ ምስር ስትለቅም፣ አባባ ሬዲዮ እያዳመጡ አፋቸውን ከፍተው እንቅልፍ ሲጥላቸው፦ ሰው ሲሄድ የሚናፍቀን ይሄ ነው። የትኛው አልበም ውስጥ አለ?

«ገመና ነው» ትሉኝ ይሆናል። ማንሳትና መለጠፍ ለየቅል ናቸው፤ ቲክቶክ ላይ ጫኑት ማን አለ? አሳዩዋቸው፣ ካልወደዱት አጥፉት። ብቻ «ቆይ፣ ልቀይር» ብለው ሳይነሱ አንዷን ቀጭ አድርጉ። ነጠላቸውን ለብሰው ሲመጡ ደግሞ የፈለጉትን ያህል አንሷቸው።